ክልከላው ዕድሉን ሲመርጥ፦ ስለ ቁጥር ቅንብሮች የተደረገ ንግግር

እንደምን ናችሁ። ለዛሬው ጉዳይ መደመር መቻል ብቻ ይበቃል። አንድ ሙሉ ቁጥር እንያዝና በስንት መንገድ በመደመር ልንሠራው እንደምንችል እንጠይቅ። 4ን እንውሰድ። 4 ብቻውን አለ። 3+1 እና 1+3 አሉ። 2+2 አለ። 2+1+1፣ 1+2+1 እና 1+1+2 አሉ። በመጨረሻ 1+1+1+1 ይመጣል። በድምሩ 8 ናቸው። እነዚህን የ4 ቅንብሮች እላቸዋለሁ። በውስጣቸው ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ ተደማሪዎች እላቸዋለሁ። ቅደም ተከተል እንደሚቆጠር ልብ በሉ። 3+1 እና 1+3 ለእኛ ሁለት የተለያዩ ቅንብሮች ናቸው።

ቅንብሮችን መቁጠር ቀላል ነው። 4 ነጥቦችን በአንድ መስመር ደርድሩ። በመካከላቸው 3 ክፍተቶች አሉ። በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ ወይ ትቆርጣላችሁ፣ ወይ አትቆርጡም። ሁለት ምርጫ ሦስት ጊዜ ሲሆን 2×2×2 = 8 ይሆናል። ለ10 ዘጠኝ ክፍተቶች ስላሉ 2⁹፣ ማለትም 512 ቅንብሮች አሉ። ቁጥሩ በአንድ በጨመረ ቁጥር የቅንብሮቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ለእነዚህ ነገሮች ራሱን የቻለ ንድፈ ሐሳብ የሰጣቸው ፐርሲ ማክማሆን ነው። የብሪታንያ ጦር የመድፍ መኮንን ነበር፤ ሰፊ ጥናቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ቆጠራው እዚህ ላይ ያልቃል። እኔን የሚይዘኝ ከቆጠራው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ቅንብሮች አንዱን ዓይናችንን ጨፍነን ብናነሣ ምን ዓይነት ይሆናል? ስንት ተደማሪዎች ይኖሩታል? ትልቁ ተደማሪ ምን ያህል ይሆናል? 1ን ስንት ጊዜ እናገኘዋለን? አንዳንድ ተደማሪዎችን ብንከለክልስ መልሱ እንዴት ይለወጣል?

ክልከላ ከሌለበት እንጀምር። ሁሉም ቅንብሮች እኩል ዕድል አላቸው ማለት በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ ሚዛናዊ ሳንቲም እየወረወርን መቁረጥ አለመቁረጡን እንወስናለን ማለት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ስለዚህ ስለ ቅንብር የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ስለ ሳንቲም ውርወራ የሚነሣ ጥያቄ ይሆናል። ይህንን ደግሞ የፕሮባቢሊቲ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን አጥንተውታል።

ለምሳሌ 100ን እንውሰድ። 99 ክፍተቶች አሉት። በአማካይ 49.5 ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ በአማካይ 50.5 ተደማሪዎች ይኖሩታል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም ከአማካዩ የመራቅ የተለመደው መጠን፣ 5 ገደማ ነው። ማለትም ከ100 ጊዜ 95ቱን ያህል የተደማሪዎቹ ብዛት ከ41 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይወድቃል። አንድ ብቻ ተደማሪ ያለው ቅንብርም አለ፣ መቶ ተደማሪዎች ያሉትም አለ። ግን እያንዳንዳቸው ከ2⁹⁹ ቅንብሮች ውስጥ አንድ ብቻ ናቸው። በዘፈቀደ አንስቶ እነሱን ማግኘት ከንቱ ምኞት ነው።

የተደማሪዎቹ መጠንም እንዲሁ ግልጽ ነው። አንድ ተደማሪ 1 የሚሆነው ወዲያው ከተቆረጠ ነው፤ ይህ ደግሞ ዕድሉ ግማሽ ነው። 2 የሚሆነው አንዴ ታልፎ ቀጥሎ ከተቆረጠ ነው፤ ዕድሉ ሩብ ነው። 3 ለመሆን አንድ ስምንተኛ፣ 4 ለመሆን አንድ አስራ ስድስተኛ እያለ ይወርዳል። የ1000 ቅንብር በዘፈቀደ ብታነሡ ወደ 500 ተደማሪዎች ታገኛላችሁ። ከእነሱ 250 ያህሉ 1 ናቸው፣ 125 ያህሉ 2 ናቸው። የአንድ ተደማሪ አማካይ መጠን 2 ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ተደማሪ ከመምረጥ ይልቅ ከ1000ዎቹ ነጥቦች አንዱን ምረጡና ያ ነጥብ ያለበትን ተደማሪ ተመልከቱ። አሁን አማካዩ 2 አይደለም፣ 3 ነው። ትልልቅ ተደማሪዎች ብዙ ነጥቦችን ስለሚይዙ የመገኘት ዕድላቸው ይበዛል። ሁለቱም አማካዮች ትክክል ናቸው። የተለያየው ጥያቄው ነው። በዚህ ዘርፍ ውስጥ ግማሹ ጥንቃቄ ምን እየመረጥን እንደሆነ በግልጽ መናገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ትልቁ ተደማሪ እንለፍ። እዚህ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከክልከላ በፊት ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ሀብታሙ ይህ ነውና። በ1000 ቅንብር ውስጥ ወደ 500 ተደማሪዎች አሉ። 2 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት 250 ያህል ናቸው፣ 3 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት 125 ያህል ናቸው። በእያንዳንዱ እርምጃ ብዛታቸው በግማሽ ይቀንሳል። 500ን 9 ጊዜ ያህል በግማሽ ብንቀንሰው ወደ 1 እንደርሳለን። ስለዚህ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ተደማሪ አንድ ያህል እንጠብቃለን። ይህ ግምት ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። አማካዩ በትክክል ሲሰላ የቁጥሩ ሎጋሪዝም በ2 መሠረት (2 በስንት ርቢ ቢነሣ ቁጥሩን እንደሚሰጥ) ሲደመር 0.333 ገደማ ነው። ለ1000 ይህ 10.3 ይሆናል። ለ1,000,000 ደግሞ 20.3 ነው። ቁጥሩ ሺህ እጥፍ ሲያድግ ትልቁ ተደማሪ በ10 ብቻ ይጨምራል።

ከዚህም የሚገርም አለ። የተደማሪዎች ብዛት ቁጥሩ ሲያድግ መበታተኑም ያድጋል። የትልቁ ተደማሪ መበታተን ግን አያድግም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ለ1000ም፣ ለቢሊዮንም፣ ከዚያ በላይ ላለውም ያው 1.87 ገደማ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያድግ የትልቁ ተደማሪ የዕድል ቅርጽ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም። ቁጥሩ በሁለት ተከታታይ የ2 ርቢዎች መካከል የት ላይ እንደሚገኝ እያየ ለዘላለም ይወዛወዛል። በአማካዩ ላይ ያለው ውዝዋዜ ከአንድ መቶ ሺህኛ ያነሰ ነው። በኮምፒውተር በዘፈቀደ እያነሣ የሚሞክር ሰው በጭራሽ ላያየው ይችላል። ግን አለ፤ በሒሳብ ይረጋገጣል። ከፕሮባቢሊቲ የምንጠብቀው ሁሉም ነገር በመጨረሻ ወደ አንድ ወሰን እንዲጠጋ ነው። እዚህ እንዲህ አይሆንም። ምክንያቱም ተደማሪዎች ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ሎጋሪዝሙ ግን ሙሉ ቁጥር ሆኖ አያድግም።

በዚሁ ቅንብር ውስጥ ስንት የተለያዩ መጠኖች አሉ ብለንም እንጠይቅ። 1 አለ፣ 2 አለ፣ 3 አለ፣ እያለ እስከ ትልቁ ይሄዳል። በመካከል የሚዘለሉ መጠኖች ስንት ናቸው? መልሱ በአማካይ አንድ ነው። የ1000 ቅንብር ትልቁ ተደማሪ በአማካይ 10.3 ሲሆን የተለያዩት መጠኖች ብዛት በአማካይ 9.3 ነው። የ1,000,000 ደግሞ 20.3 እና 19.3 ነው። ምክንያቱ የዕድሎቹ ቅርጽ ውስጥ አለ። አንድ መጠን በቅንብሩ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ፣ ትልቁ ተደማሪ ከዚያ መጠን በአንድ የሚበልጥ ወይም ከዚያም በላይ የመሆን ዕድል ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን በየመጠኑ ስትደምሯቸው በ1 ብቻ ይለያያሉ።

አሁን ክልከላ እናስገባ። 1 እና 2 ብቻ ይፈቀዱ። የ4 ቅንብሮች ከ8 ወደ 5 ይወርዳሉ፦ 2+2፣ 2+1+1፣ 1+2+1፣ 1+1+2፣ 1+1+1+1። ለ1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ብትቆጥሩ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 ታገኛላችሁ። የመጨረሻው ተደማሪ ወይ 1 ወይ 2 ስለሆነ እያንዳንዱ ብዛት የቀደሙት ሁለቱ ድምር ነው። ይህ የፊቦናቺ ድርድር ነው። ሊዮናርዶ ፊቦናቺ የጻፈው በ1202 ነው። ሕንድ ውስጥ ግን የግጥም ሊቃውንት ቀድመውታል። በሳንስክሪት ስንኝ አጭር ቀለም 1፣ ረጅም ቀለም 2 ተብሎ ይቆጠራል። አንድ የተወሰነ ርዝመት ያለው ስንኝ በስንት መንገድ ሊገነባ ይችላል ብለው ጠየቁ። ቪራሃንካ ከ600 እስከ 800 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሄማቻንድራ ደግሞ በ1150 አካባቢ ይህንኑ ድርድር አግኝተውታል። ክልከላ ያለባቸው ቅንብሮቻችን ቆጠራ የተጀመረው ከግጥም ነው ማለት እችላለሁ።

ብዛቱን አገኘን። በዘፈቀደ አንዱን ማንሣትስ? ሚዛናዊው ሳንቲም ከእንግዲህ አይሠራም። ብንወረውረው 3፣ 4፣ 7 እያለ የተከለከሉትን ያመጣብናል። የተከለከለ በመጣ ቁጥር ጥለን ከመጀመሪያው እንጀምር ብንል ለ100 በአማካይ ከ1.1 ቢሊዮን ሙከራ አንዱ ብቻ ይሳካል። ይህ መንገድ ለሥራ አይሆንም። ከዚያ በላይ ግን ስለ ቅንብሮቹ ምንም አያስተምረንም።

ሌላ ሳንቲም እንፈልግ። በአንዱ ገጹ 1፣ በሌላው ገጹ 2 ይጻፍ። 1 የመምጣት ዕድሉ ረ ይሁን። 2 የመምጣት ዕድሉ ደግሞ የረ ካሬ፣ ማለትም ረ×ረ ይሁን። ለምን እንዲህ? 1+1+2 የመምጣት ዕድሉን አስሉት፦ ረ×ረ×ረ². ይህ ረ⁴ ነው። 2+2 ደግሞ ረ²×ረ²፣ ያው ረ⁴ ነው። 1+1+1+1ም ረ⁴ ነው። ድምራቸው 4 የሆነ ቅንብሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ዕድል አገኙ። ለ100ም ይሁን ለ1000 እንዲሁ ነው። ዕድሉ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ተደማሪዎችን አንድ በአንድ እየወረወርን ድምሩ ልክ 100 ላይ ቢያርፍ ያገኘነው ቅንብር ከተፈቀዱት መካከል ያለ አድልዎ የተነሣ ነው።

ረ ስንት ነው? ሳንቲሙ ከሁለቱ አንዱን ማምጣት ግድ ስለሆነ ረ + ረ² = 1 መሆን አለበት። ከዚህ ረ = 0.618 ይወጣል። እኛ አልመረጥነውም። ክልከላው ራሱ መረጠው። በ1 እና በ2 በተሠራ ትልቅ ቅንብር ውስጥ ከተደማሪዎቹ 61.8 በመቶ ያህሉ 1 ናቸው፣ 38.2 በመቶ ያህሉ 2 ናቸው። ሁሉም ሰው የሰማው ወርቃማው ምጣኔ እዚህ ተራ የሆነ ዕድል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥር ውበት ብዙ ይባላል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ውበቱ ይህ ነው።

ሐሳቡ ለማንኛውም የተፈቀዱ ተደማሪዎች ስብስብ ይሠራል። ለተፈቀደው ተደማሪ ሁሉ ረን በዚያ ተደማሪ ርቢ አንሡና ደምሩ። ድምሩ 1 የሚሆንበትን ረ ፈልጉ። ያ ነው የስብስቡ ሳንቲም፤ ወይም ገጾቹ ብዙ ከሆኑ የስብስቡ ዳይ፣ ማለትም ባለ ብዙ ገጽ መወርወሪያ። ሁሉም ተደማሪ ከተፈቀደ ረ + ረ² + ረ³ እያለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል፤ ይህ 1 የሚሆነው ረ ግማሽ ሲሆን ነው። ሚዛናዊው ሳንቲማችን ተመለሰ። ቀድሞ በክፍተቶቹ ያገኘነው ነገር የዚህ አንድ ልዩ ሁኔታ ነበር።

ይህ ዳይ ብዛቱንም ይነግረናል። በቁጥር መስመር ላይ ከ0 ተነሥተን በዳዩ እየተመራን እንራመድ። የእርምጃው አማካይ መጠን ይታወቃል። ለ1 እና 2 አማካዩ 0.618 ሲደመር 2×0.382፣ ማለትም 1.382 ነው። እርምጃችን በአማካይ 1.382 ከሆነ ከረጅም ጉዞ በኋላ ከ1.382 ቦታዎች አንዱን እንረግጣለን። ስለዚህ አንድን ሩቅ ቁጥር የመርገጥ ዕድላችን 1 ሲካፈል ለ1.382 ነው። ይህ በግልጽ የሚታይ ቢመስልም ማረጋገጫው ቀላል አልነበረም። ኤርዲሽ፣ ፌለር እና ፖላርድ በ1949 አረጋገጡት። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። የተፈቀዱት ተደማሪዎች ሁሉ ከ1 በላይ የሆነ የጋራ አካፋይ ሊኖራቸው አይገባም። 2 እና 4 ብቻ ቢፈቀዱ ጎዶሎ ቁጥርን በጭራሽ አንረግጥም፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው።

አሁን ሁለቱን እናጋጥም። ቁጥሩን የመርገጥ ዕድል ማለት የቅንብሮቹ ብዛት ሲባዛ በእያንዳንዳቸው ዕድል ነው። ስለዚህ የቅንብሮቹ ብዛት 1/ረ በቁጥሩ ርቢ፣ ሲካፈል ለአማካዩ እርምጃ ይሆናል። እንሞክረው። 1/ረ 1.618 ነው። 10ኛ ርቢው 122.992 ነው። ለ1.382 ሲካፈል 88.998 ይመጣል። የ10 ቅንብሮች በ1 እና በ2 ስንት ናቸው? 89። 10 ገና ትንሽ ቁጥር ነው፤ ግምቱ ግን ተጣብቆ ሄደ። 1፣ 2 እና 3 ሲፈቀዱም ሞክሩት። ረ 0.5437 ይሆናል፣ አማካዩ እርምጃ 1.617 ነው፣ ግምቱ ለ10 ወደ 274 ይመጣል። እውነተኛው ብዛትም 274 ነው።

ሁለት ሌሎች ክልከላዎችን ላስከትል። አንደኛው ጎዶሎ ተደማሪዎችን ብቻ የሚፈቅድ ነው። ሌላው 1ን ብቻ የሚከለክል ነው። እኩልታቸውን ብትጽፉ ሁለቱም ወደዚያው ረ + ረ² = 1 ይመልሷችኋል። ሦስቱ ክልከላዎች በመልካቸው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ያም ሆኖ ሦስቱም 0.618ን መረጡ፣ ሦስቱም በፊቦናቺ ቁጥሮች ይቆጠራሉ። የ5 ቅንብሮች በ1 እና 2 ብቻ 8 ናቸው፣ በጎዶሎ 5 ናቸው፣ ያለ 1 ደግሞ 3 ናቸው።

ልዩነታቸው በአማካዩ እርምጃ ነው። ለ1 እና 2 1.382 ነበር። ለጎዶሎዎቹ 2.236 ነው፤ ይህም በትክክል የ5 ስኩዌር ሩት ነው። 1 ለተከለከለበት 3.618 ነው። በትምህርት ቤት የፊቦናቺን ቁጥር በቀጥታ የሚሰጠውን ቀመር ያየ ሰው እዚያ ውስጥ ለስኩዌር ሩት 5 መካፈል እንዳለ ያስታውሳል። ብዙ ጊዜ ከአልጀብራ ስሌት ዝም ብሎ የሚወጣ ነገር ተደርጎ ይቀርባል። ትርጉም አለው። በጎዶሎ ተደማሪዎች በተሠራ ትልቅ ቅንብር ውስጥ የአንድ ተደማሪ አማካይ መጠን ነው። ቀመሩን በዚህ መንገድ ማየት ከማንኛውም ሌላ ማረጋገጫ ይልቅ ያረካኛል።

ለ1000 የተደማሪዎቹ አማካይ ብዛት በቅደም ተከተል ወደ 724፣ 447 እና 276 ይሆናል። 724 እና 276 ሲደመሩ 1000 መሆናቸውን አስተዋላችሁ? አጋጣሚ አይደለም። ወደ ክፍተቶቹ ተመለሱና የተቆረጠውን ያልተቆረጠ፣ ያልተቆረጠውን የተቆረጠ አድርጉት። ከ2 የሚበልጥ ተደማሪ የለም ማለት ሳይቆረጡ በተከታታይ የታለፉ ሁለት ክፍተቶች የሉም ማለት ነው። ሲገለበጥ በተከታታይ የተቆረጡ ሁለት ክፍተቶች የሉም ይሆናል። ይህ ደግሞ ምናልባት ከሁለቱ ጫፎች በቀር 1 የለም ማለት ነው። ሁለቱ ክልከላዎች እርስ በርስ ይንጸባረቃሉ።

ከአማካዩ በላይም መሄድ ይቻላል። 100ን በ1 እና በ2 ስትሠሩ የተደማሪዎቹ ብዛት ከ50 እስከ 100 የትም ሊሆን ይችላል። በዘፈቀደ ስታነሡ ግን አማካዩ 72.5፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3 ገደማ ነው። ስርጭቱም ወደ ታወቀው የደወል ቅርጽ ይጠጋል። ክልከላ በሌለበት በነጻው ቅንብር ከነበረው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 5 ጋር አስተያዩት። ክልከላው ምርጫን ሲያጠብ መበታተኑም ጠበበ።

ተደማሪዎቹ ማለቂያ የሌላቸው ቢሆኑም፣ ሥርዓታቸው ለእኛ የማይታይ ቢሆንም ሐሳቡ አይሰናከልም። ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ይፈቀዱ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ። ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ያልተፈቱ ከባድ ጥያቄዎች ሞልተዋል። ለእኛ ግን የሚያስፈልገን አንድ ረ ብቻ ነው፤ እሱም 0.6774 ነው። ካሬው 0.459፣ ኩቡ 0.311 ነው። ስለዚህ በብቸኛ ቁጥሮች በተሠራ ትልቅ ቅንብር ውስጥ 46 በመቶ ያህሉ ተደማሪ 2 ነው፣ 31 በመቶ ያህሉ 3 ነው። አማካዩ መጠን 3.29 ነው። ሩቅ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ድርሻቸው በጣም ስለሚያንስ ምስጢራቸው መልሱን አይነካውም።

በዘፈቀደ የማንሣቱ ሥራም ተቃለለ። በ0.618 ሳንቲም እየወረወራችሁ ተደማሪ ጨምሩ። ድምሩ 100 ላይ ካረፈ ጨርሳችኋል። ዘልሎ ካለፈ እንደገና ጀምሩ። በአማካይ ስንት ጊዜ ትጀምራላችሁ? 1.38 ጊዜ። ቅድም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነበር። ቁጥሩ ሚሊዮን ቢሆንም ያው 1.38 ነው። ዱሾን፣ ፍላጆሌ፣ ሉሻር እና ሼፈር በ2004 ይህንን ሐሳብ ከቅንብሮች አልፎ በሒሳብ ዛፍ ለሚባሉት ቅርንጫፋም መዋቅሮች፣ ለቃላትና ለሌሎች ብዙ መዋቅሮች የሚሆን አጠቃላይ ዘዴ አድርገውታል። በፊዚክስ ሊቁ ቦልትዝማን ስም ነው የሚጠራው፤ እዚያም የአንድ ሁኔታ ዕድል የሚወሰነው በኃይል መጠኑ ብቻ ነው፣ እዚህ በድምሩ ብቻ እንደሆነው።

እስካሁን ያየናቸው ክልከላዎች እያንዳንዱን ተደማሪ ለብቻው የሚመለከቱ ነበሩ። ጎረቤቱን የሚመለከት ክልከላ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ታዋቂው ምሳሌ የሊዮናርድ ካርሊትዝ ነው። በ1976 ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተደማሪዎች እኩል የማይሆኑባቸውን ቅንብሮች አጠና። ለ4 የሚተርፉት 4፣ 3+1፣ 1+3 እና 1+2+1 ናቸው። 2+2 ወደቀ፤ 2+1+1ም ወደቀ። ለ5 የሚተርፉት 7 ናቸው። ለ10 ከ512ቱ 124 ይተርፋሉ።

እዚህ አንድ ዳይ አይበቃም። አሁን 1 ከመጣ ቀጥሎ 1 ሊመጣ አይችልም። የሚቀጥለው ዕድል ባለፈው ላይ ይወሰናል። ስለዚህ ነጻ ውርወራዎች ሳይሆን የማርኮቭ ሰንሰለት አለን፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ የሚያስታውስ ሂደት ማለት ነው። ያም ሆኖ ዋናው ነገር አልጠፋም። የእያንዳንዱ ቅንብር ክብደት አሁንም በድምሩ ብቻ ይወሰናል፤ አሁንም ክልከላው የራሱን ረ ይመርጣል። እኩልታው ግን ተለውጧል። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ተደማሪ የረን ርቢ ብቻ እንደምር ነበር። አሁን ያንን ርቢ፣ 1 ሲደመር ራሱ ርቢው ለሚሆነው ቁጥር እናካፍለዋለን፤ ከዚያ እንደምራለን። ድምሩ 1 የሚሆነው ረ 0.57135 ሲሆን ነው። የእድገቱ ፍጥነት፣ ማለትም 1/ረ፣ 1.750243 ነው፤ ከነጻዎቹ 2 በታች። ብዛቱ 0.456387 ሲባዛ በ1.750243 የቁጥሩ ርቢ ይሆናል። ለ10 ይህ 123.1 ይሰጣል፤ እውነተኛው 124 ነው። እነዚህን ኖፕፍማቸር እና ፕሮዲንገር በ1998 በጥልቀት ሠርተዋቸዋል። ሉሻር እና ፕሮዲንገር ደግሞ በ2002 የፕሮባቢሊቲውን ገጽታ አጥንተዋል።

የማስታወስ ዋጋው የት እንደሚታይ ላሳያችሁ። በካርሊትዝ ቅንብር ውስጥ የአንድ ተደማሪ አማካይ መጠን 2.85 ነው። የቀድሞው ሕግ ቢሠራ በርቢው ፊት የሚቆመው ቁጥር 1 ሲካፈል ለ2.85፣ ማለትም 0.351 በሆነ ነበር። እውነቱ 0.456 ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከጫፎቹ ነው። የመጀመሪያው ተደማሪ ከግራው የሚከለክለው ጎረቤት የለም፤ የመጨረሻውም ከቀኙ የለም። በነጻ ውርወራ ጫፍና መሃል አይለያዩም። በሚያስታውስ ሂደት ውስጥ ግን ይለያያሉ።

ከካርሊትዝ በኋላ ጥያቄው ሰፋ። ጎረቤታሞች ልዩነታቸው ከተወሰነ መጠን ባይበልጥስ? ሦስት ተከታታይ ተደማሪዎች እየጨመሩ መሄድ ባይችሉስ? ቤንደር እና ካንፊልድ ከ2005 ጀምሮ ባወጧቸው ተከታታይ ጥናቶች ተደማሪዎች ከተወሰነ ርቀት በላይ የማይተያዩባቸውን ሰፊ የክልከላ ቤተሰቦች በአንድ ላይ አጥንተዋል። ብዛቱ አንድ ቋሚ ቁጥር ሲባዛ በአንድ የእድገት ፍጥነት ርቢ ሆኖ ይቀራል። የተደማሪዎቹ ብዛትም የደወል ቅርጹን ይከተላል። በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ይህን ውጤት እጅግ አከብረዋለሁ። እያንዳንዱን ክልከላ ለብቻው በእኩልታ ከማሳደድ ነጻ አውጥቶናልና።

ትልቁ ተደማሪስ በካርሊትዝ ቅንብር ውስጥ ምን ሆነ? በነጻው ቅንብር ለ1000 10.3 እንደነበረ አይተናል። ክልከላ ሲጨመር የሚያንስ ሊመስለን ይችላል። ይበልጣል፤ በአማካይ ወደ 13 ይጠጋል። ምክንያቱ ከ1ዎቹ ይጀምራል። በነጻው ቅንብር ከተደማሪዎቹ ግማሾቹ 1 ነበሩ። እኩል ጎረቤት ሲከለከል ከሁሉ በላይ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ ብዙ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይጋጠማሉ። ድርሻቸው ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ትልልቆቹ ግን ከእኩያቸው ጋር ጎን ለጎን የመቆም ዕድላቸው ከመጀመሪያውም ኢምንት ስለነበር ክልከላው ብዙም አይነካቸውም። 1ዎቹ የለቀቁት ቦታ በየመጠኑ ለሚገኙት ሌሎች ተደማሪዎች ይከፋፈላል። የትልልቆቹ ዕድል በየእርምጃው በግማሽ መውረዱ ቀርቶ በ0.571 ብቻ እየተባዛ ይወርዳል። ሎጋሪዝሙም መሠረቱን ከ2 ወደ 1.75 ይለውጣል።